ለፓይለቱ ሽማግሌ ሆኜ

እኔ ሽማግሌ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀጥሎ የማወራላችሁን ስትሰሙ «እንዲህ ያለ ሽማግሌ ደግሞ ከየት ተገኘ?» ማለታችሁ አይቀርም። የሸመገለው ፀጉሬ ነው። ገና ጎረምሳ እያለሁ መሸበት ጀመረ፤ ዛሬ አንድም ጥቁር አልቀረኝም። ታክሲ ውስጥ ወንበር ይለቀቅልኛል፤ ባንክ ስገባ ጥበቃው «አባቴ፣ በዚህ በኩል» ብሎ ከሰልፉ ያስቀድመኛል። እውነቱን ለመናገር አልጠላሁትም። ወንበር ሲለቀቅለት የሚቆጣ ሰው አይቼም አላውቅ። ባለፈው ክረምት ግን ይኸው ሽበቴ ዋጋዬን ሰጠኝ።

የምኖረው መካኒሳ ነው። ከአጥሬ ማዶ እትዬ ወርቅነሽ አሉ፤ የእሳቸው ልጅ ናትናኤል ፓይለት ነው። ፓይለት የሚለው ቃል በሰፈራችን የሥራ ስም አይደለም፤ ማዕረግ ነው። የሰው ልጅ ሐኪም ሲሆን «ጎበዝ ነው» ይባላል፤ መሐንዲስ ሲሆን «ጥሩ ነው፣ ይበርታ» ይባላል። ፓይለት ሲሆን ግን እናቱን አቅፈው ይስሟትና «እሰይ፣ እንግዲህ ተገላገልሽ!» ይሏታል። ለእድር ድንኳን፣ ለተበላሸ የውሃ ቧንቧ፣ ለመንገዱ ኮብልስቶን መዋጮ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእትዬ ወርቅነሽ በር ነው። አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ሰዉ ቀና ብሎ «ናቲ ነው» ይላል። ናቲ ራሱ ከሱቅ ዳቦ ገዝቶ በአጠገባቸው እያለፈም ቢሆን «ናቲ ነው» ማለታቸውን አይተዉም።

ይህ ልጅ ምሕረት የምትባል የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ወደደ። እሷም ወደደችው። ወላጆቿ የሚኖሩት ሀይሌ ጋርመንት ነው፤ ከሆሳዕና አካባቢ የመጡ፣ ጸሎተኛ የሆኑ ጨዋ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ የቀረው ሽማግሌ መላክ ነው። እትዬ ወርቅነሽ የቤተ ክርስቲያናቸውን መጋቢ ፓስተር ኤልያስን ያዙ፤ ከዚያ በልመናው ዓለም ስማቸው የተጠራውን ጋሽ ተፈራን ያዙ። ሽማግሌ ሁለት አይሆንም፣ ሦስተኛ ሲፈልጉ በአጥር ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው አዩኝ።

«ጎረቤት» አሉኝ፣ «ሽበትህን ለአንድ ቀን አውሰኝ።»

ባለቤቴ ግን ታውቀኛለች። ጋቢዬን እያስተካከለችልኝ «ስማ፣ የተፈለገው ፀጉርህ ነው። አፍህን እዚሁ ትተኸው ብትሄድ ደስ ይለኝ ነበር» አለችኝ። እኔም አንዲት ቃል እንደማልተነፍስ ምዬ ወጣሁ።

ከሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ገባ ብሎ ያለው ቤት ስንደርስ የምሕረት አባት ጋሽ ሳሙኤል በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ረጅም፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ሲያዩ ዓይናቸውን ጨፈን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ሳሎን አስገቡንና «ተቀመጡ» አሉን። ጋሽ ተፈራ ስንት ሙሽራ ያስገኙበትን ወግ ጀመሩ፤

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም!»

«እግሩ የእናንተ ነው» አሉና ጋሽ ሳሙኤል እሳቸው ተቀመጡ።

ጋሽ ተፈራ እንዲህ ያለ መልስ ገጥሟቸው አያውቅም። አንዴ «አንቀመጥም» ብለው ስለነበር ቀስ ብለን ጠጋ እያልን ለመቀመጥ እንኳ አልተመቸንም። እንደቆምን ስለ ዝምድና መልካምነት፣ ስለ ልጁ አስተዳደግ፣ ስለ እናቱ ደግነት ተናገሩ። የሰውየው ፊት አልተፈታም። ጋሽ ተፈራ ሲጨርሱ ጋሽ ሳሙኤል አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤

«ልጁ ምን ሠርቶ ያድራል?»

ጋሽ ተፈራ ይህን ነበር የሚጠብቁት። ደረታቸውን ነፉና «ፓይለት ነው!» አሉ። ከዚያ ቤቱ እስኪደነቅ ጠበቁ።

«ፓይለት መሆኑንማ ምሕረት ነግራኛለች» አሉ ጋሽ ሳሙኤል። «እኔ የምጠይቀው ምን ሠርቶ እንደሚያድር ነው።»

ሦስታችንም ተያየን። እሳቸውም ግራ እንደገባን ሲያዩ አዘኑልን መሰለኝ፣ አስረዱን። «እኔ ከባድ መኪና ነጂ ነበርኩ። ወደብ ድረስ ስመላለስ ነው የኖርኩት። በሰፈሩ እንደኔ የሚከበር አልነበረም። አንድ ቀን መንጃ ፈቃድ ላሳድስ ስሄድ ዓይንህ ልክ አይደለም አሉኝ። በቃ። ጠዋት ነጂ ሆኜ ወጥቼ ማታ ሥራ ፈት ሆኜ ገባሁ። አሁን ልጄን ደግሞ እንጀራው በዓይኑ ላይ ለተንጠለጠለ ሰው ስጥ ትሉኛላችሁ። ይህ ልጅ አንድ ቀን ሐኪም አትበርም ቢለው ምን ይሆናል?»

አንጀቴን በሉት። ደግሞም ጥያቄው ቀላል መሰለኝ። ፓስተሩ ሲያቀረቅሩ ሳይ መሐላዬን ረሳሁት።

«ጋሽ ሳሙኤል፣ ስለ ጤናውስ ፈጽሞ አያስቡ!» አልኩ። «ፓይለት እንደ እኔና እንደ እርስዎ መሰለዎት? ዓይኑ፣ ጆሮው፣ ልቡ፣ ደም ግፊቱ በየጊዜው ይመረመራል! ቅንጣት እንከን ከተገኘበት አንድ ቀን አይቆዩም፣ ወዲያው ነው ከአውሮፕላኑ የሚያወርዱት!»

ጋሽ ተፈራ እግሬን ረገጡኝ። እኔ ደግሞ በርታ ያሉኝ መስሎኝ ቀጠልኩ።

«ቀልድ እኮ አይደለም! ፈተናም አለ። በዓመት ሁለቴ አውሮፕላን የሚመስል መለማመጃ ውስጥ ያስገቡትና ሞተሩን ያጠፉበታል፣ ጭስ ይለቁበታል፤ ያንን ካላለፈ…»

«ካላለፈ?» አሉ ጋሽ ሳሙኤል ወደ እኔ ጠጋ ብለው።

«ካላለፈማ… አላለፈማ» አልኩ።

«ጌታ ይባርክህ» አሉኝ። «እኔ አንድ ሐኪም ነበር የፈራሁት። ለካ ሌላም አለ።» ከሁለት ሳምንት በኋላ እንድንመለስ ነግረው ሸኙን። ሻይ እንኳ የጠጣነው ቆመን ነው።

በታክሲ ስንመለስ ጋሽ ተፈራ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መካኒሳ ስንወርድ ግን «ሰው ሲያማልዱ ሰምቻለሁ፤ ሲመሰክሩበት ግን ዛሬ ገና አየሁ» አሉኝና ጥለውኝ ሄዱ።

እትዬ ወርቅነሽ ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ናትናኤል መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሳቁ ጠፋ። «ጋሼ፣ የነገሩዋቸው እኮ ውሸት አይደለም» አለኝ። ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ሥራ በገባ ማግስት ያ የኮሮና ወረርሽኝ መጥቶ አውሮፕላኖቹ መሬት ላይ ተደርድረው ሲውሉ፣ እሱም ሳሎን ቁጭ ብሎ ሰማይ ሰማይ ሲያይ እንደከረመ ነገረኝ። ያን ጊዜ እኛ ጎረቤቶቹ እረፍት ላይ ነው እንል ነበር። የቧንቧውን መዋጮም አልማርነውም።

ምሕረት ደግሞ ቁርጡን ተናግራለች። «እወደዋለሁ፤ ግን አባቴ ሳይመርቀኝ ከቤት አልወጣም» ብላለች። ናትናኤልም «አባቷን አስከፍቼ አላገባትም» አለ። እንግዲህ ሁለቱም ጨዋ ሆኑና ሠርጉ ሊቀር ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ያን ሰሞን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በሁለተኛው ጉዟችን ታዲያ ሰውየው የሚፈሩትን አስቤበት ሄድኩ። የሚፈሩት ሰማይ ነው፤ ስለዚህ ልጁ መሬት ላይ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። ጋሽ ተፈራ በዚህ ጊዜ «አንቀመጥም» የምትለዋን ትተዋት ቀድመው ተቀመጡ። ጋሽ ሳሙኤል ያንኑ ጥያቄያቸውን ሲደግሙ ምላሴ ቀደመኝ።

«መሬት ላይም ሥራ አለው እኮ!»

ፓስተር ኤልያስ ቀና አሉ። ጋሽ ተፈራ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ምን ሥራ?»

ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ፊቴ ላይ ድቅን ያለችው ጠዋት ከእትዬ ወርቅነሽ ግቢ አጥሬን ዘላ የገባች ዶሮ ናት።

«ዶሮ!» አልኩ። «የዶሮ እርባታ። ግቢው ሙሉ ነው።»

የጋሽ ሳሙኤል ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ። «እንደሱ ነው እንጂ!» አሉ። «ይህ እያለ ስለ ሰማይ ታወሩልኛላችሁ? ዶሮን እኮ ሐኪም አይከለክልም! በሉ ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ። ባለቤቴንም ይዣት እመጣለሁ።»

ስንወጣ ፓስተሩ ትከሻዬን ያዙና በለሆሳስ «ወንድሜ፣ እኔ ለዶሮዎቹ አልጸልይም» አሉኝ።

የእትዬ ወርቅነሽ ዶሮዎች በሁለት እጅ ጣት የሚያልቁ ናቸው፤ እነሱም ያረጁ ናቸው። ናትናኤል በረራ ላይ ነው፤ ቅዳሜ ነው የሚመለሰው፤ ስልኩ አይሠራም። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ሰፈሩን በሙሉ ዶሮ በትውስት መለመን ጀመርኩ። የመካኒሳ ሰው ደግሞ ለናቲ ከሆነ አይሰስትም። የማን እንደሆነች እንዲታወቅ እያንዳንዱ የዶሮው እግር ላይ የራሱን ክር አሰረ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ የጸጉር ቤቷ ባለቤት ወርቃማ ሪባን። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግቢው እውነትም ዶሮ በዶሮ ሆነ።

ያላሰብኩት ነገር ቢኖር አውራዎቹን ነው። ከየቤቱ የመጡ አውራዎች፣ እያንዳንዱ በየግቢው ጌታ ሆኖ የኖረ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚሉ እኔ ከየት ልወቅ? ጋሽ ሳሙኤል ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አስቴርና ከምሕረት ጋር ሲገቡ እኔ አንዱን ቀይ አውራ በክንፉ ይዤ፣ ሌላው ሱሪዬን ይዞ፣ ጋቢዬ ላባ ለብሶ ነበር። ጋሽ ተፈራ ለምርቃት ያመጡትን ዘንግ ጦርነቱን ለመገላገያ አውለውታል። ፓስተሩ ዳር ቆመው ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

ጋሽ ሳሙኤል ግን ዶሮ ያውቃሉ። ጎንበስ ብለው አንዷን አነሱና እግሯን አዩ።

«ይህ ቀይ ክር ምንድን ነው?»

«ክትባት የወሰዱት ናቸው» አልኩ።

«አረንጓዴውስ?» አሉ ቀይዋን ለቀው ሌላ እያነሱ።

«ቀጠሮ የተሰጣቸው።»

«ወርቃማዋስ?»

ወርቃማዋን ምን ልበላት? ልናገር አፌን ስከፍት የግቢው በር ተበረገደና ባለ አረንጓዴዋ ጎረቤታችን ገቡ። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ድንገት እንግዳ መጣብኝ፤ ዶሮዬን ልውሰድና ሌላ ቀን አውሳችኋለሁ» ብለው ከጋሽ ሳሙኤል እጅ ላይ ተቀብለው ወጡ። ዶሮው ሁሉ የተለመነው ለእኚሁ ለጋሽ ሳሙኤል መሆኑን እንኳ አልጠረጠሩም። ከእሳቸው ጀርባ ደግሞ ናትናኤል፣ ከነዩኒፎርሙ፣ ሻንጣውን እየጎተተ፣ ዓይኑ በድካም ቀልቶ ገባ።

«እንዴ!» አለ። «ይህ ሁሉ ዶሮ ከየት መጣ?»

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እግዜር ይስጥልኝ ነበር የምላት። ጋሽ ሳሙኤል ወደ እኔ አላዩም። ወደ ልጁ ሄደው ፊት ለፊቱ ቆሙ።

«ያንተ አይደሉም?»

ልጁ እኔን አየኝ፣ እናቱን አየ፣ ምሕረትን አየ። አንዲት ቃል ቢዋሽ ሁላችንንም ያድነን ነበር። ልቤ እንዲዋሽ ፈለገ፤ አልደብቃችሁም።

«አይደሉም አባባ» አለ። «እኔ ዶሮ የለኝም። ያለኝ በረራ ብቻ ነው።»

«እና አንድ ቀን በቃህ ቢሉህ?»

«ሊሉኝ ይችላሉ» አለ ናትናኤል። ሻንጣውን ለቀቀና ባርኔጣውን አወለቀ። «በሕመም ፈቃዴን ባጣ የሚከፍል መድን ገብቻለሁ። ግን እሱም ጊዜያዊ ነው። ወደፊት አሠልጣኝ ለመሆን እየተዘጋጀሁ ነው፤ እሱም ይሳካል አይሳካም ዛሬ አላውቅም። የማውቀውን ልንገርዎት። እኛ መለማመጃ ውስጥ ስንገባ ሁልጊዜ ከሁለቱ አንዱን ሞተር ያጠፉብናል። ደጋግመው ያጠፉብናል። በቀረው አንድ ማሳረፍ እስክንችል ድረስ። ከምሕረት ጋር ለመጋባት የተስማማን ቀን ቤታችንንም እንደዚያው እንለማመደው ተባባልን። ይኸው ከዚያ ጀምሮ በእሷ ደሞዝ ብቻ ነው የምንወጣው የምንገባው። የእኔን አስቀምጠን አንነካውም። ልንከራይ ያየነው ቤትም ብስራተ ገብርኤል ነው፤ ጠባብ ነው፤ ግን ለእሷ ደሞዝ ልክ ነው።»

«አባዬ» አለች ምሕረት፣ ሳቋ እያመለጣት፣ «ይህን ፓይለት ሻይ የምጋብዘው እኮ እኔ ነኝ። ፉልም እኔው ነኝ።»

እትዬ ወርቅነሽ «ልጄን!» ብለው ደረታቸውን ደቁ። በልጃቸው ስንት መዋጮ ሲጠየቁ የኖሩ ሴት፣ ልጃቸው በሰው ልጅ ፉል እንደሚያድር ያን ቀን ነው የሰሙት።

ጋሽ ሳሙኤል እጃቸው ላይ የቀረውን ላባ አራገፉ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው «መልካም ነው ልጄ። የእኔ ቤት ግን አንድ ሞተር ብቻ ነበረው። እሱ ሲቆም ሁሉ ነገር ቆመ» አሉ።

«የት ነው የቆመው?»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ድምፃቸው ያልተሰማው ወይዘሮ አስቴር ናቸው። አጠር ያሉ፣ ቀጭን ሴት፤ ስንመጣ ስንሄድ ሻይ ሲያቀርቡ ነው የማውቃቸው። ከተቀመጡበት በርጩማ ተነሥተው ባላቸው ፊት ቆሙ።

«የት ነው የቆመው፣ ሳሙኤል? ከዚያ ቀን በኋላ በልተን አላደርንም? ልብስ ፋብሪካ የገባሁት ለሽርሽር ነበር? እጄ እስኪያብጥ ስሰፋ የዋልኩት፣ ማታ የሰው ቀሚስ ቤት ይዤ መጥቼ የማሳጥረው ለማን ነበር? ይቺ ልጅ በምን ተማረች? ዓይንህ ደከመ እንጂ አልጠፋም፤ ታየኝ ነበር። ቤታችን ሁለት ነበረው። ያንተ ሲጠፋ በእኔ ነው ያረፍነው።»

ቁጣ አልነበረባቸውም። ብዙ ዓመት በልባቸው ይዘውት የኖሩትን ነገር አንድ ጊዜ አውጥተው ማስቀመጣቸው ነው። ምሕረት ማልቀስ ጀመረች። እኔም ዓይኔን በጋቢዬ ልጠርግ ስል ላባ ገባበት፤ እንባዬ ላይ ሌላ እንባ ጨመረልኝ።

ጋሽ ሳሙኤል ሚስታቸውን አዩ። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ እንደ ልማዳቸው፣ አጥርተው ለማየት እንደሚታገል ሰው። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ።

«ሽማግሌዎች፣ ሁለት ጊዜ ቤቴ መጣችሁ። ሁለቱንም ጊዜ ማንን ጠየቃችሁ?»

«እርስዎን» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«ጥፋታችሁ እሱ ነው። እሷን ጠይቁ።»

ጋሽ ተፈራ ዘንጋቸውን ተደግፈው አቀረቀሩ። በዕድሜያቸው ሙሉ አባት ነው የለመኑት፤ ለእናት የሚሆን ቃል የላቸውም። ፓስተሩን አየሁ፤ ፓስተሩ እኔን አዩኝ። ባለቤቴም በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ ታየኛለች፤ በዚህ ጊዜ ግን ዝም በል የሚል ፊት አልነበራትም። ጋቢዬን አራገፍኩ፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ጎንበስ አልኩ።

«ወይዘሮ አስቴር» አልኩ፣ «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ለመለመን መጥተናል። ልጁ ዶሮ የለውም።»

ወይዘሮ አስቴር ሳቁ። እስኪያስነባቸው ሳቁና የናትናኤልን ጉንጭ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት።

«ሰጥቻለሁ» አሉ።